«እርስዎ» ያለችው ዕለት

ደብዳቤው የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የድምቢጥ ፍቅረኛ፣ ሊፍት ጠጋኙ፣ ስልክ መደወል ካቆመ በአሥራ ሦስተኛው ቀን። በእነዚህ ቀናት ድምቢጥ ስልኳን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዛ ስትገባ ነው የከረመችው። እናቷ ስትጠይቃት «ሰዓት ላይበት ብዬ ነው» ትላለች። ሰዓት ግድግዳውም ላይ፣ ክንዷም ላይ አለ።

ፖስታውን ቆማ ቀደደችው፤ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እናት ከጠረጴዛው ማዶ ዳቦ እየቆረጠች፣ ዓይኗን ከቢላዋው ሳትነቅል የልጇን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ይህች እናት ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ሥራዋን ከለቀቀች ስድስት ዓመት ቢያልፍም ሰፈሩ አሁንም «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላት፤ እሷም ስሙን ስትሰማ ቀና ትላለች።

«ስሚ እስቲ ይኼን» አለች ድምቢጥ። ድምጿ ቀጥኗል። «‹ቱታ ለባሽ መሆኔን ዛሬ አይደለም ያወቅሽው። እህቴ ፊት ግን እንደ መንገደኛ ቆጥረሽ፣ «ይሂዱልኝ፣ እኔ እርስዎን አላውቅዎትም» አልሽኝ። ያንን እርስዎታ ከእናትሽ አፍ ለምጄው ነበር። ካንቺ አፍ ግን አልቻልኩትም። የእኔ ዓለም፣ ደህና ሁኚልኝ።›»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ጫን አለችው።

«እኔ? እሱን? እርስዎ?» አለች። «እማ፣ እኔ እኮ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንተና እርስዎ የሚቀላቅል ጸሐፊ ሲገጥመኝ ምሳ የማይበላልኝ ሰው ነኝ። ደሞዝ የሚከፍሉኝ ለሱ ነው።»

እውነቷን ነው። ድምቢጥ የአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሌላው ሰው ገጽ ሲያይ እሷ ስህተት ታያለች።

«የዚያን ዕለት ደክሞኝ ነበር፤ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ግን እንዲህ አልልም። ሰበብ ነው የፈለገው። ከበሽተኛ ጋር መኖር ከበደው፣ በግልጽ መናገር አፈረ፣ ከዚያ ይኼን ፈጠረ።» ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እንባው ግን አልወረደም። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

ቢላዋው ዳቦው መሐል ላይ ቆሟል። እናት ነገሩን ታውቀዋለች። ከልጇም፣ ደብዳቤውን ከጻፈውም ሰው በላይ ታውቀዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ሁለቱ ሰዎች ከመምሸቱ በፊት ይታረቃሉ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች፤ ዳቦውንም ቆረጠችው። ቁራጩን ወደ ልጇ ስትገፋ ግን እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምቢጥን የስኳር ሕመም የያዛት በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየማዕዱ ኢንሱሊኗን ራሷ ትወጋለች። መርፌው ከበዛ ወይም ምግቡ ከዘገየ ስኳሯ ይወርዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ «ኧረ ወደቅኩ» ብሎ ጣፋጭ ይፈልጋል። ድምቢጥ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ማስጠንቀቂያ ጠፋባት፤ ሐኪሙ እንደሚሉት ሰውነቷ ለመደው። ክንድ ላይ የሚለጠፈው መቆጣጠሪያም ቆዳዋን እያቆሰለ ስላስቸገረ ወለቀ። የቀራት አንድ ምልክት ብቻ ነው። እሱንም የምታውቀው እናት ብቻ ናት።

ስኳሯ ሲወርድ ድምቢጥ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ማለት ትጀምራለች።

ልጅ ሳለች የምትማረው እናቷ በምታስተዳድረው ትምህርት ቤት ነበር። ቤት ውስጥ «አንቺ»፣ ግቢ ውስጥ «እርስዎ» እንድትል አስለምደዋት ነበር፤ የዳይሬክተሯ ልጅ ስለሆነች ይደላላታል እንዳይባል። አእምሮዋ ስኳር ሲያጣ ወደዚያ ግቢ ይመለሳል ብላ ነው እናት የምታምነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ አንድ ቀን ምሳ ላይ ብድግ ብላ «ክብርት ዳይሬክተር፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች። አባቷ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሳቀ፣ ሳቀና የያዘው ውሃ ትን አለው። ሳቁን ሳይጨርስ ልጅቷ ከወንበሯ ተንሸራታ ወደቀች።

እናት ያኔ ጆሮዋን ከፈተች፤ ከዚያ በኋላም አልዘጋችውም። ለልጇም አንድ ጊዜ ነግራት ነበር። ልጅቷ በመርፌዋ የተነሳ አብረዋት የሚማሩት ሲያሾፉባት የከረመች ናት፤ ይኼን ስትሰማ «እርስዎ» ብዬ እንዳይስቁብኝ ብላ ሳምንት ሙሉ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ሳትል ቀረች። የእናት አንጀት አልቻለም። «ተሳስቼ ነው፣ እንደሱ የሚባል ነገር የለም» አለቻት። ልጅቷም አመነች፣ ረሳችውም።

እስከዚህ ድረስ ማንም እናት ላይ አይፈርድም። ምስጢሩ ግን በዓመታት ውስጥ መልኩን ቀየረ። እናት በዓለም ላይ ልጇን ነቅታ የምትጠብቅ ብቸኛ ጆሮ ሆነች፤ ይህም ሳያስፈራት ቀርቶ ያኮራት ጀመር። ጠዋት አራት ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ ትደውላለች። «ምን በላሽ? ማን መጣ? ምን አለ?» የምትለው አታጣም። የልጇን ግሥ መጨረሻ አዳምጣ፣ «ሽ» ሲሆን ልቧ አርፎ ትዘጋለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ደወል ተደወለ፣ ለዕረፍት ውጡ» እያሉ ይቀልዳሉ።

ሊፍት ጠጋኙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የማተሚያ ቤቱ ሕንፃ ሊፍት ተበላሽቶ ድምቢጥ አሥራ አንድ ቀን ሰባት ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ በየቀኑም እሱን ስታልፍ አንድ አንድ ስድብ ትመርቅለት ነበር። ሊፍቱ ከተሠራ በኋላም ሰውየው «ልፈትሸው» እያለ ወር ሙሉ ተመላለሰ። ሊፍቱ ግን ምንም አልነበረበትም።

ቤት ሲመጣ እናት በሩን ከፍታ «ይግቡ» አለችው። «ይቀመጡ። ሻይ ይጠጣሉ?» አለችው። በዕድሜ ልጇ የሚሆን ሰው ነው። እሱም ገባው፤ በዚያ ቤት እርስዎ የሚባለው የማይፈለግ ሰው ነው። ቅባት የማይለቀውን ጣቱን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ ያቺ እሁድ መጣች። እህቱ ቤት ምሳ ተጠርተው፣ «ማዕዱ ቀርቧል» ሲባል ድምቢጥ መርፌዋን ወጋች። ማዕዱ ግን አልቀረበም፤ የእህቱ ባል ሳይመጣ አይሆንም ተብሎ ተጠበቀ። ድምቢጥ እንግዳ ሆና ምግብ መጠየቅ አፍራ ዝም አለች። በመጨረሻ ተነስታ ያንን ቃል ተናገረች። እሱ በእህቱ ፊት ቀለሙ ተለወጠ፤ ታክሲ ጠርቶ አሳፈራትና ታክሲው እስኪጠፋ ቆሞ ቀረ።

በር የከፈተችው እናት ናት። ድምቢጥ ገርጥታ «እንደምን ዋሉ?» አለቻት። ከሰባ በታች መውረድ የሌለበት ስኳሯ አምሳ ሁለት ነበር። እናት ጭማቂ አጠጣቻት፣ ጠበቀች፣ ለካች፣ ደገመች። ልጅቷ ስትነቃ ያስታወሰችው ድካሟን ብቻ ነው። እናት ደግሞ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ውስጥ አንድ ነገር ተሰምቷት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችውም። በልቧ «እሰይ» ብላ ነበር። አየሽ፣ አያውቅባትም፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅባት የለም ብላ ነበር።

ቅዳሜ ዳቦ ስትቆርጥ እጇን የሌላ ሰው እጅ ያስመሰለባት ይህ እሰይታ ነው።

ሰኞ ማታ ድምቢጥ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተናገረች።

«ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ አራሚ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ፈረምኩ። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

«የትኛው ቅርንጫፍ? ያ በአውቶቡስ አንድ ቀን የሚፈጀው?»

«እሱ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን ነዋ። ሰው የሚሸሸኝ ከሆነ እኔ ልቅደመው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እማ፣ አትቆጪ። የእሱን ሊፍት እያየሁ እዚያ ሕንፃ መግባት አልቻልኩም። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣብኝ።»

እናት ዓይኗ ላይ አንድ ክፍል መጣባት፤ አልጋ፣ ወንበር፣ መብራት፣ የሚታረም ወረቀት። ልጇ እዚያ ተቀምጣ ለግድግዳው «እርስዎ» ትላለች። ግድግዳ ደግሞ ሰምቶ ጭማቂ አያመጣም። ልጇን ቤቷ ልታቆይበት የያዘችው ዝምታ ጭራሽ ከከተማ ሊያስወጣት ነው። ወጥ ቤት ገብታ የቧንቧ ውሃ ከፈተችና ንጹሕ ብርጭቆ ደግማ አጠበች። ፍርሃቷ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት የሊፍት ጥገና ድርጅቱ ቢሮ ሄዳ የት እንደሚሠራ ጠየቀች። በስተቀኝ ካለው ባንክ ጀርባ፣ ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሕንፃ ላይ ነው አሏት። ሊፍት ጠጋኝ ያለበት ሕንፃ ሊፍት እንደማይሠራ የገባት በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። ጉልበቷን እየያዘች፣ በየፎቁ እያረፈች ወጣች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ልጇ አሥራ አንድ ቀን የወጣችውን ደረጃ አሰበች።

ሰውየው ጣሪያው ሥር ባለችው የሞተር ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ ገመድ እየመረመረ ነበር። ቀና ሲል አያት። እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ድምቢጥ ምን ሆነች?» አለ።

ሰላምታም አልቀደመውም፤ ኩርፊያም አልታየበትም። እናት ይኼን ልብ አለች።

«ደህና ናት። ቁጭ በል ልጄ።»

«ቁጭ በል» ሲባል ደነገጠ። የመሣሪያ ሳጥኑን ጎትቶ ለእሷ ሰጠና እሱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናት ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ከዚያ ምንም ሳትደብቅ ነገረችው። ስለ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ እሁዱ፣ በር ላይ ስለሰማችው ሰላምታ። እሰይ ማለቷንም ነገረችው።

እሱ መሐል ላይ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ቅባቱ ግንባሩ ላይ ተለቀለቀ።

«ታክሲ ውስጥ ብቻዋን» አለ። «እማማ፣ ልትሞትብኝ ትችል ነበር?»

«ትችል ነበር።»

«እኔ ደግሞ ኩራቴን ተሸክሜ ቆሜ አየኋት። እጇን እንኳ አልያዝኩም። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። አሥር ጊዜ እያሳመርኩ ጻፍኩ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎ እያልኩ ትርጉሙን ያስተማርኩህም እኔ ነኝ።»

 ከታች አንድ ሰው «ኧረ ይኼ ሊፍት መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጮኸ። ሊፍት ጠጋኙ አልመለሰለትም። ዓይኑን ጠርጎ መጠየቅ ጀመረ፤ አጠያየቁ ማሽን እንደሚረከብ ሰው ነው። ምን ያህል ይሰጣታል? ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ወይም ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር። ከዚያስ? ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ መለካት። ካልወጣ? መድገም። ከወጣ? ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ፣ ተመልሶ እንዳይወርድ። ቸኮሌትስ? ቅባቱ ያዘገየዋል፤ መጀመሪያ ጭማቂ።

«መዋጥ ካቃታትስ?»

«ከደከመች፣ ከእጅህ ከወጣች አፏ ውስጥ ምንም አታድርግ፤ ያንቃታል። በጎኗ አስተኛት። ቦርሳዋ ውስጥ ብርቱካናማ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ያለውን፣ ስኳር ከፍ የሚያደርገውን መርፌ ጭኗ ላይ ወግተህ አምቡላንስ ጥራ። አወጋጉን አሳይሃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ጋ አንድ ሊፍት ሁለት ፍሬን ሳይኖረው ሰው አይጫንበትም» አለ። «እርስዎ አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ፍሬን ነው የያዟት።»

እናት ስድብ ቢሆንባት በወደደች። ስድብ አልነበረም።

«እሷስ ይኼን ታውቃለች?» አለ ቀጥሎ።

«አታውቅም። አንተ ካወቅህ ይበቃል ብዬ ነው የመጣሁት። ከታረቃችሁ አትሄድም።»

ሊፍት ጠጋኙ ከወለሉ ተነሳ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ግን አይነቃነቅም። «አይሆንም እማማ። እሷ ስለ ራሷ የማታውቀውን እኔ አውቄ፣ ፊቷ ቁጭ ብዬ አፏን ስጠባበቅ ልኖር ነው? እንደሱ አድርጌ አላፈቅራትም። መጀመሪያ ይንገሯት። ብትጠላኝም፣ እርስዎንም ብትቆጣ፣ ትወቀው።»

እናት ብዙ ሊቃውንት፣ ብዙ ባለሥልጣናት ቢሮዋ ውስጥ አስተናግዳለች። እንዲህ አድርጎ ያሳፈራት ሰው ግን አልነበረም። ከዘጠነኛው ፎቅ ስትወርድ፣ ይህን ሰው ከልጇ ሕይወት ልታስወጣ ምን ያህል እንደቀራት ገባትና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሐሙስ ድምቢጥ ዕቃ ልታሰናዳ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ሊፍት ጠጋኙ ከእናት ጋር በተስማሙት መሠረት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መጥቶ የግቢው በር አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ካልተጠራ አይገባም።

ምሳ ቀረበ። ድምቢጥ እንደ ልማዷ መርፌዋን ወጋች፣ ሹካዋን አነሳች። እናት ከጠዋት ጀምሮ ልቧን ስታደፋፍር ነበርና ይህች ደቂቃ ካለፈች ድፍረቴም አለፈ ብላ ፈራች። እናም በዓለም ላይ ከሁሉም ሰው በላይ ልትጠነቀቅ የሚገባት ሴት፣ ልጇ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትቀምስ መናገር ጀመረች።

ድምቢጥ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ድገሚልኝ» አለች።

እናት ደገመችላት።

«አሥራ ሰባት ዓመት?»

«አለቀስሽ እኮ። ሳምንት ሙሉ አልተናገርሽም። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር።»

«አሥራ አንድ ዓመቴ አለፈ እማ። ሃያም አለፈ። የኔ አፍ ነው እኮ! የኔ አፍ የሚለውን ሁሉም ሲሰማ እኔ ብቻ ሳልሰማ?»

«ሁሉም አልሰማም። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።»

«እሱ ነው የባሰው።» ድምቢጥ ሳህኑን ገፋችው። «ቅዳሜ ደብዳቤውን አነበብኩልሽ። ውሸታም አልኩት፣ ፈሪ አልኩት። አንቺ ዳቦ ትቆርጪ ነበር። ምን ይመስልሻል ስልሽ ምን አልሽኝ?»

እናት አንገቷን ደፋች።

«ምን አልሽኝ እማ?»

«እኔ ምን አውቄ አልኩሽ።»

ድምቢጥ ከዚያ ስትናገር ቁጣዋ ወርዶ ነበር፤ እናት ቁጣው ቢቀጥል ይሻላት ነበር።

«በቀን ሦስት ጊዜ የምትደውይልኝ ናፍቄሽ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ ሲቀልዱብኝ በውስጤ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ድምፄን ሳትሰማ መዋል አትችልም እል ነበር።»

 ወጥ ቤቱ ውስጥ ፍሪጁ ይንጎራጎራል። ድምቢጥ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች፤ ምግቡ ቀዘቀዘ። እናት ብዪ ለማለት ፈራች። ዛሬ ደግሞ ብዪ ብትላት «ለኔ ብለሽ ነው ወይስ ለጆሮሽ?» ትለኛለች ብላ ፈራች። ግማሽ ሰዓት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ድምቢጥ ቀስ ብላ ተነሳች። ፊቷ ረጋ ብሏል።

«ይብቃዎት» አለች። «ከእንግዲህ በእኔ አይድከሙ። እኔን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ቃሉ እናትን ልቧ ላይ መታት። ተገባኝ አለች በሆዷ። ለሰው ልጅ በር ላይ ስሰጠው የኖርኩት እርስዎ ዛሬ ለእኔ ደረሰኝ። ከልጄ አፍ፣ በትክክል፣ በሚዛኑ። ራሷን ይዛ አቀረቀረች። አሥራ ሰባት ዓመት ያንን ቃል ስትጠብቅ የኖረች ጆሮ፣ በደለኛ ስለሆነች ቃሉን ፍርድ አድርጋ ሰማችው።

ድምቢጥ በረንዳውን አልፋ ወደ ግቢው ወረደች። ሊፍት ጠጋኙ ከአግዳሚው ተነሳ። ተያዩ። እናት በመስኮቱ አየቻቸው፤ ልጇ ሰውየውን ለአሥራ ስምንት ቀን የተጠበቀ ሰው እንደሚታይ አላየችውም። ፖስታ ይዞ እንደመጣ ሰው አየችው።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችው። «ቢሮው ተዘግቷል። ነገ ይመለሱ።»

ሊፍት ጠጋኙ በአንድ እርምጃ አጠገቧ ደረሰ።

«አንቺን ፈልጌ ነው» አለ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነው። «ነይ እዚህች ላይ አረፍ በይ። ይኼን ጠጪልኝ።»

«አልፈልግም። እርስዎን…»

«አዎ፣ አታውቂኝም። ምንም አይደል፣ ጠጪው።» ክርኗን ይዞ አስቀመጣት። ከቱታው ኪስ ያወጣት ጭማቂ ክዳኗ ተከፍቷል፤ ከንፈሯ ላይ ያዘላት። አንድ ጊዜ ገፋችው። አልተቆጣም፣ አልለቀቀም። ጠጣች።

እናት ያኔ ነው የነቃችው።  ሳህኑን አየች፤ ሹካው እንደተቀመጠ ነው። መርፌው፣ ግማሽ ሰዓቱ፣ «ይብቃዎት»። ሮጣ በሩን ከፈተች፣ በረንዳው ላይ ስትደርስ ሰውየው ሳይዞር «መለኪያውን ያምጡልኝ» አላት።  ተመልሳ መለኪያውን አምጥታ በእጁ ሰጠችው። ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ከእጇ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ነው፤ ለሌላ ሰው ሰጠችው።

አርባ ዘጠኝ።

ሰዓቱን አይቶ ልጅቷን ትከሻው ላይ አስደገፋት። ያቺ ሩብ ሰዓት እንዴት እንዳለፈች እናት ኋላም መናገር አልቻለችም። በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደግፋ ቆመች፤ እሱ ግን ለድምቢጥ ስለ አንድ በስድስተኛና በሰባተኛ ፎቅ መሐል መቆም ስለሚወድ ሊፍት እያወራ ያነቃታል። አምሳ ስምንት። ሁለተኛ ጭማቂ። እንደገና ሩብ ሰዓት። ሰማንያ አንድ። እናት ዳቦ አመጣች። እሱ ቆርሶ ሰጣት።

ድምቢጥ እያላመጠች ፊቷ ላይ ቀለም ተመለሰ። ዞር ብላ አየችው፤ ትከሻው ላይ መሆኗን አየች።

«አንተ መቼ መጣህ?» አለች።

«ስታባርሪኝ ነው የደረስኩት» አለ። ሳቅ ብሎ ነበር የጀመረው፤ መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረ። «ያን ጊዜ ታክሲው ውስጥ አብሬሽ መግባት ነበረብኝ። ምንም ብትዪኝ መግባት ነበረብኝ። ይቅር በዪኝ።»

«ምን አልኩህ አሁን?»

ምንም ሳይሸፋፍን ነገራት። ለእናቷ ያለችውንም እናት ነገረቻት። ድምቢጥ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አዳመጠችው። ከዚያ ወደ እናቷ ቀና አለች።

«አንቺም አላወቅሽውም?»

«የምርሽን መሰለኝ። የሚገባኝ መሰለኝ።»

«እሱም የመሰለው እንደሱ ነዋ» አለች ድምቢጥ። የሰውየውን ቅባታም ጣቶች ያዘች፤ አልለቀቀችም። ለእናቷ ግን ሌላውን እጇን አልዘረጋችም፤ አግዳሚው ላይ ግን ትንሽ ጠጋ አለችላት። እናት በተከፈተላት ቦታ ተቀመጠች።



«አትሄጂም እንግዲህ?» አለች እናት በመጨረሻ።

«ከዚህ ከተማ አልሄድም። ከዚህ ቤት ግን እሄዳለሁ እማ። ከሱ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ይኼን ደግሞ ዛሬ አይደለም የምነግርሽ፤ ስንት ጊዜ ስልክ ላይ ነግሬሽ ነበር። እሺ፣ እሺ ብለሽ ትዘጊያለሽ።»

እናት ለማስታወስ ሞከረች። የልጇ ድምፅ ትዝ አላት፤ ቃላቱ ግን አልመጡላትም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የልጇን የቃል መጨረሻ ስትጠብቅ፣ ልጇ ምን እያለች እንደነበር አልሰማችም። ይኼን ስታውቅ ከሁሉም በላይ ያመማት ይኼ ሆነ።

«አልሰማሁሽም ነበር» አለች። «ልጄ፣ ምንም አልሰማሁሽም ነበር። አሁን ንገሪኝ።»

ድምቢጥ አየቻት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ስድቡ፣ እሱ ፊት ስትስቅ ሕመሟን እንደምትረሳ፣ መርሳቷ ራሱ እንደሚያስፈራት፣ ልጅ ብወልድስ ብላ እንደምታስብ፣ እናቷን ጥላ መውጣቱ ሌሊት እንደሚያስለቅሳት። ረጅም ነበር። እናት አንዴም አላቋረጠቻት። ልጇ ዝም ስትል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ በምን እንዳለቀ ልብ አላለችም፤ ስለ ልጇ የማታውቀው ይህን ያህል መሆኑ ብቻ ነበር እንባዋን የሚያወርደው።